የመንገድ ዳኛ በኮርቻ ቤት

ፍላቂት መናኸሪያ ፊት ለፊት ባለችው የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች ቢጣሉ ባለቤቷ ውባንቺ አትገላግልም። ማሽኗን ታጠፋና በሩ ላይ ወጥታ መንገደኛ ታስቆማለች። ሰውዬው ገብስ ሸጦ የሚመለስ ይሁን ሚኒባስ እንዳያመልጠው የሚሮጥ፣ ለእሷ ለውጥ የለውም። «በሕግ አምላክ! አንዴ ቆም በልና እነዚህን ስማልኝ» ትላለች። የፍላቂት ሰው መጀመሪያ ላይ «ይቺ ሴትዮ ከላሊበላ ስትመጣ አንድ ነገር ነክቷት ነው» ብሎ አማት፤ እያደር ለመደ። ዛሬ ኮፒ የሚያስደርገው ወረቀት የሌለው ሰው እንኳ ባላጋራውን ይዞ ደጇ ይቆማል፤ እሷም ትስቃለች። ሳቋን ጨርሳ ወደ ውስጥ ስትገባ ግን ፊቷ ላይ አንድ ነገር ይቀራል። የሚቀርቧት ናፍቆት ነው ይላሉ፤ ልክ ናቸው።

የሚናፍቃት ባል አይደለም፤ አገርም አይደለም። ላሊበላ እንደሆነ በጋሸና በኩል ግማሽ ቀን አይፈጅም። የሚናፍቃት አንድ ቤት ነው፤ እሱም ቢሆን ዛሬ ተቆልፏል። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ እንጀምር።

ቤቱ በላሊበላ ቁልቁለት ላይ ያለ የድሮ የላስታ ቤት ነው፤ በድንጋይ የተካበ፣ ክብ፣ ባለ ፎቅ፣ ደረጃው በውጭ በኩል የሚዞር። ውባንቺና አዳም «ኮርቻ» የተባለችውን ስታርታፕ የመሠረቱት እዚያ ነበር። ኮርቻ ተሳላሚውና ቱሪስቱ በስልኩ በቅሎ የሚያዝባት አፕ ነበረች። ወደ አሸተን ማርያም መውጣት የከበደው፣ ወይም ይምርሐነ ክርስቶስ ድረስ በቅሎ ያማረው ሰው ስልኩን ነካ ያደርጋል፤ ተራ የደረሰው በቅሎ ሳቢ ስልክ ይጮኻል፤ በቅሎዋ ተጭና ደጅ ድረስ ትመጣለች።

አዳም የአንድ የላሊበላ መሪጌታ ልጅ ነው። ባሕር ዳር ኮምፒውተር ተምሮ ሲመለስ አባቱ «ድጓውን ትተህ ይህን ይዘህ መጣህ?» ብለው ክረምቱን ሙሉ አኩርፈውት ነበር። ዝምተኛ ነው፤ ሲናገር ደግሞ ማንም የማይገባውን ይናገራል። ውባንቺ የኩልመስክ በቅሎ ነጋዴ ልጅ ናት። የበቅሎ ጥርስ አይታ ዕድሜ ትናገራለች፤ የሰው ዓይን አይታ ደግሞ ውሸት። የላሊበላን በቅሎ ሳቢዎች አንድ በአንድ ለምና ኮርቻ ላይ ያስመዘገበቻቸው እሷ ናት። «ይህ ስልክ ተራችሁን አይበላም፤ ከበላ እኔን ያዙኝ» ብላ ቃሏን ሰጥታለች። በላስታ ቃል የሰጠ ሰው ቃሉ እስኪፈጸም እንቅልፍ የለውም።

ኔትወርክ የሚይዘው ላይኛው ክፍል ብቻ ስለነበር አዳምና ፕሮግራመሮቹ ላይ ወጡ። ውባንቺና የሜዳ ሠራተኞቹ ከልጓሙና ከግላሱ ጋር ታች ቀሩ። አንድ ቀን የአዳም አባት፣ ኩርፊያው በርዶላቸው፣ ሊጠይቁ መጡና ይህን አይተው «እናንተ ልጆች፣ እንደ መጽሐፍ ትርጓሜ ላይ ቤትና ታች ቤት ሆናችኋል እኮ!» ብለው ሳቁ። ስሙ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተጣበቀ። የትርጓሜ ሊቃውንት አንዱን መጽሐፍ ለየቅል እንደሚፈቱት የኮርቻም ሰዎች አንዲቱን በቅሎ ለየቅል ይፈቷት ነበር።

ለላይ ቤት በቅሎ ማለት በካርታ ላይ የምትሄድ አረንጓዴ ነጥብ ናት። ለታች ቤት በቅሎ ማለት ትናንት ቁልቁለት ላይ ሰኮናዋ የተነካ፣ ዛሬ እያነከሰች ያለች የእገሌ በቅሎ ናት። ታች ቤት «ዛሬ ሚካኤል ነው፤ ሳቢዎቹ ከቅዳሴ ሳይወጡ አይመጡም» ሲል ላይ ቤት «ቀደም ብላችሁ ለምን አልነገራችሁንም?» ይላል። ለሚካኤልም ማስታወቂያ ይወጣል እንዴ! ላይ ቤት ደግሞ አፑን ቀይሮ ሳይናገር ይተኛና ታች ቤት የሚያውቀው ጠዋት ሳቢው ሁሉ «ስልኬ መልኩ ተለወጠብኝ» እያለ በር ሲደበድብ ነው።

ያም ሆኖ ደግ ጊዜ ነበር። ውባንቺ ዛሬ ድረስ ከሁሉ አስቀድሞ የምታስታውሰው ጣሳውን ነው። ላይ ቤቶች በመስኮቱ በኩል በገመድ የታሰረ ጣሳ ያወርዳሉ፤ ታች ቤቶች ቆሎ ሞልተው ይልኩታል፤ ጣሳው ሲመለስ ውስጡ ለሳቢ ስልክ የሚሆን ቻርጀር፣ አንዳንድ ጊዜም የፌዝ ወረቀት ይገኛል። ያን ሳቅ የት ታገኘዋለች! ፍላቂት ውስጥ ቆሎ ሞልቷል፤ ጣሳውን የሚያወርድላት ሰው ግን የለም።

ጠቡ የመጣው ከጥሩ ሐሳብ ነው። አንድ ብልጣብልጥ ሳቢ በሁለት ስልክ ተመዝግቦ የሰው ተራ ሲበላ ተያዘ። ታች ቤት «እንዲህ ያለውን ሌባ ያዙልን» ብሎ ጮኸ። አዳም ዝም ብሎ ሲሠራ ሰነበተና ወጥመድ አበጀ። ሁለት ስልኮች ቀን በቀን ተጣብቀው ከሄዱ ሰውየው አንድ ነው ማለት ነውና ኮርቻ ራሷ ሁለቱንም ታግዳለች። «ሠርቼዋለሁ» አለ። ታች ቤትም «ተባረክ» አለ። ምን እንደሠራ የጠየቀው የለም፤ እሱም አላብራራ።

በዚያው ሰሞን፣ በኅዳር፣ አለሜ የሚባል በቅሎ ሳቢ ታሞ ሞተ። ሚስቱን አሰለችንና ልጆቹን፣ አንዲት ዳማ በቅሎም ትቶ።

በላሊበላ በቅሎ ሳቢዎች ዘንድ የሞተ ሰው ተራ አይሞትም። ሙት ዓመቱ እስኪወጣ በቅሎዋ በተራዋ ትወጣለች፤ የሟቹ ስም ይጠራል፤ ጎረቤት ይስባታል፤ ያገኘችው ለሐዘን ቤቱ ይገባል። ይህን የማያውቅ ሳቢ ስለሌለ የሚናገረውም የለም። ኮርቻ ስትመሠረት አዳም «የተራ ሕጋችሁን አንድም ሳታስቀሩ ንገሩኝ» ብሎ ተቀምጦ ነበር። የሳቢዎቹ ሽማግሌና ተራ አስከባሪ አያ ጋሻዬ በቅሎ ሲታመም፣ ሳቢ ሲጣላ፣ ዝናብ ሲጥል የሚሆነውን ሁሉ ነገሩት። ይችን ብቻ ዘለሏት። ውባንቺም አጠገባቸው ተቀምጣ እያወቀች ዘለለቻት። ሥራ ሲጀመር ሞት አይጠራማ! በምርቃት ቀን «ከመካከላችሁ አንዱ ሲሞት» ብሎ የሚጀምር ሰው በላስታ አፉን ተይዞ ነው የሚወጣው።

እናም የአለሜ ጎረቤት ከፋለ በደንቡ መሠረት የራሱንና የሟቹን በቅሎ እየሳበ፣ የራሱንና የሟቹን ስልክ በአንድ ኪስ ይዞ ገደሉን ይወጣ ይወርድ ጀመር። ላይ ቤት ካርታው ላይ ሁለት ነጥቦች ተጣብቀው ታዩ። የገና በዓል ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሁለቱም ስልኮች «ታግደዋል» አሉ።

የበቅሎ ሳቢ መኸሩ የገና ሰሞን ነው። የዓመቱ ቀለብ በእነዚያ ቀናት ካልገባ አይገባም። ከፋለ ታች ቤት መጥቶ ሁለቱን ስልኮች ውባንቺ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና «እታለም፣ ምን በደልኩ? ሌባ ነህ አለኝ እኮ» አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «እኔስ ይሁን። አሰለችን ምን ልበላት?»

ውባንቺ ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው አታውቀውም።

«ከፋለን ለምን አገድከው?»

«እኔ አላገድኩትም፤ ሲስተሙ ነው» አለ አዳም።

«በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች! ሲስተሙን የሠራው ማነው?»

አዳም ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረ። «እይ። አንድ ሰው፣ ሁለት አካውንት። ሌባ ያዝልን ያላችሁኝ እናንተ አይደላችሁም?»

«አንዱ የአለሜ ነው!»

«አለሜ ሞቷል አላችሁኝ። የሞተ ሰው ተራ የለውም፣ ውባንቺ! ደግሞ አንድ ሰው ሁለት በቅሎ እየጎተተ ገደል ሲወጣ አንዱ ተሳላሚ ቢወድቅ ለማን ምን ልመልስ ነው?»

ይህን የመጨረሻውን አልሰማችውም። «የሞተ ሰው ተራ የለውም» የሚለው ላይ ጆሮዋ ተዘግቷል። «ከሰው ከፍ ብለህ ስለተቀመጥክ ሰው ነጥብ ሆኖብሃል» አለችው። እሱም ነደደውና «እናንተ ደግሞ የምታውቁትን ደብቃችሁ እስክሳሳት ትጠብቃላችሁ» አላት። ከፋለ ካልተመለሰ ገና ሳይገባ ሳቢዎቹን በሙሉ ይዛ እንደምትወጣ ነግራው ወረደች። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽምና ከዚያ በኋላ ላይ ቤትና ታች ቤት በቤቱ ዘበኛ አፍ ብቻ ይነጋገሩ ጀመር። ጣሳው መስኮቱ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ውባንቺ በእነዚያ ቀናት የተሰማትን አትረሳውም። ቁጣ ይመስላት ነበር፤ ፍርሃት ነው። ቃሏ ሊጠፋ ነው፣ አሰለች ልትራብ ነው፣ ኮርቻ ልትሰነጠቅ ነው። ደግሞም፣ ለማንም ባትናገረው፣ አዳም ቢያጣት ምን እንደሚሆን ሳይሆን አዳምን ብታጣው ምን እንደምትሆን ነበር የሚያሳስባት። ከወንድም የቀረበ የሥራ ጓደኛ በየቦታው አይገኝም።

ያኔ ነው አያ ጋሻዬ በትራቸውን ይዘው ከተፍ ያሉት። ሁለቱን ግቢ ውስጥ አቆሙና የሚሉትን አዳመጡ። አንዱ ይጮኻል፣ ሌላው ይጮኻል። ሽማግሌው «እኔ አልዳኛችሁም» አሉ። «ውባንቺን አውቃታለሁ፤ ወገኗ ነኝ። በአባቶቻችን ጊዜ የተጣላ ሰው ዳኛ ፍለጋ ከተማ አይወርድም ነበር። ልብሱን ከባላጋራው ልብስ ይቋጥርና መንገድ ይወጣል። ያገኘውን መንገደኛ ያቆማል። መንገደኛ ዘመድ የለውም።»

ከዚያም የውባንቺን የነጠላ ጫፍ ያዙና ከአዳም ጃኬት እጅጌ ጋር ጥብቅ አድርገው ቋጠሩት። አዳም በአባቱ ፊት እንደቆመ ሕፃን እጁን ሰጠ። ታች ቤቶች በበሩ፣ ላይ ቤቶች በመስኮቱ ብቅ ብለው በሳቅ ፈረሱ። ሁለቱ እየተጓተቱ መንገድ ወጡ።

መጀመሪያ የመጣው የባጃጅ ሹፌር ነበር፤ ጉዳዩ በቅሎ ነው ሲሉት ባጃጁን አስነስቶ ሸመጠጠ። ቀጥሎ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው አንዲት መነኩሴ መጡ። እማሆይ ወለተ ሐና ይባላሉ፤ ለገና ከሩቅ አገር በእግራቸው የመጡ ተሳላሚ ናቸው።

«በሕግ አምላክ፣ ይቁሙልን እማሆይ» አሉ አያ ጋሻዬ።

እማሆይ የተቋጠሩትን ሁለቱን አይተው «ባልና ሚስት ናቸው?» ሲሉ ውባንቺ ፊቷ ቀላ። «የሥራ ጠብ ነው፣ እማሆይ።»

«እኔ ስልክ እንኳ የለኝም፤ ምን አውቄ እፈርዳለሁ?»

«ስላላወቁ እኮ ነው የፈለግንዎ» አሉ አያ ጋሻዬ። «ሁለቱ ይናገራሉ። እርስዎ የሰሙትን መልሰው ይነግሯቸዋል። ባለነገሩ ‹አዎን፣ ያልኩት እንዲህ ነው› ካላለ ፍርድ የለም።»

አዳም ጀመረ። «አልጎሪዝሙ የሁለቱን ስልኮች ጂፒኤስ እያነጻጸረ አካውንቶቹ...»

«አልሰማሁም፣ ልጄ። እንደገና።»

«ሲስተሙ ተደጋጋሚ የሆነ...»

«አልሰማሁም። እንደገና።»

መስኮቱ ላይ የነበሩት እንደገና ሳቁ። አዳም ላብ አጠመቀው። ቆይቶ ቁጢጥ አለ፤ ውባንቺም ተቋጥራለችና አብራው ቁጢጥ አለች። ከመንገዱ ሁለት ጠጠር አነሳና አፈሩ ላይ ጎን ለጎን እያንፏቀቀ ተናገረ። «እማሆይ፣ እኔ የምውለው ቤት ውስጥ ነው። ገደሉ አይታየኝም። በቅሎዋም ሰውየውም አይታዩኝም። የሚታዩኝ እነዚህ ሁለት ጠጠሮች ብቻ ናቸው። ሁልጊዜ አብረው ይሄዳሉ። አንድ ሰው ሁለት ሆኖ የሌላውን እንጀራ የሚበላ መሰለኝ። ሁለት በቅሎ በአንድ እጅ ገደል ሲወጣም ሰው ይሞትብኛል ብዬ ፈራሁ።»

ውባንቺ ቀና ብላ አየችው። ይህን ያህል ጊዜ አብረው ሲሠሩ ገደሉ እንደማይታየው አስባ አታውቅም። ከላይ ሆኖ ሁሉን የሚያይ ነበር የሚመስላት። አዘነችለት፤ በራሷም አፈረች።

እማሆይ የሰሙትን አንድ ሳያስቀሩ መልሰው ነገሩት። «አዎን፣ ያልኩት እንዲህ ነው» አለ አዳም።

የውባንቺ ተራ ሆነ። «መቼም እንደሚያውቁት የሐዘን ቤት ተራ...»

«የማውቀው የለም። ንገሪኝ።»

«የሞተ ሰው ተራው ይጠበቅለታል።»

«አልሰማሁም። ለምን?»

ውባንቺን ለምን ብሎ የጠየቃት ሰው ኖሮ አያውቅም። አያ ጋሻዬን አየች፤ እሳቸውም መሬት መሬት ያያሉ። ስትናገር ቃሉ እየተቆራረጠ ነው የወጣው። «ጠዋት ጠዋት ሳቢዎቹ ዛሬም ተራ ከሚጠራበት ዛፍ ሥር ሲሰበሰቡ ጥሪው አሰለች ቤት ድረስ ይሰማል። ባሏ በሞተ ማግሥት ስሙ ቢዘለል፣ እማሆይ፣ ያን ቀን ሁለተኛ ይሞትባታል። ስሙ ሲጠራና በቅሎዋ ስትወጣ ግን ልጆቹ ራት ይበላሉ። ቤቷም ሰው እንዳለው ታውቃለች። እኛ... ሙታችንን ቶሎ አንለቅም። ለዚህ ነው።»

እማሆይ ይህንንም መልሰው ነገሯት። ውባንቺ እያለቀሰች «አዎን» አለች።

«ይህን ለምን አልነገርሽኝም?» አለ አዳም በዝግታ።

«ሥራ ሲጀመር ሞት ይጠራል እንዴ?»

አዳም የላሊበላ ልጅ ነውና ይህ ገባው። ራሱን ነቀነቀ።

እማሆይ መቋሚያቸውን ተክለው ፈረዱ። «አንተ ልጄ፣ ያየኸውን ሳትጠይቅ ፈርደሃል። አንቺ ልጄ፣ የምታውቂውን ሳትናገሪ ተቀይመሻል። ተራው የሟቹ ነው፤ ስሙ ይጠራ። ገደሉ ግን ሟች አያውቅም፤ አንዲት በቅሎ አንድ ሰው ይሳባት። ያ ሁለቱን የሚስበውስ ብቻውን ለምን ይለፋል? ሌላው እጅ የለውም? የየቀኑ ሳቢ ይለዋወጥ። ካሣም አለባችሁ። አንቺ አንድ ቀን ላይ ወጥተሽ ጠጠሮቹን ስትጠብቂ ዋይ። አንተ አንድ ቀን ልጓም ይዘህ ገደሉን ውጣ።»

አዳም ግን ከፍርዱ መሃል ሐሳቡ ሄዷል። «ባለ ተራና ሳቢ!» ብሎ ጮኸ። «ለየብቻ! እኔ እኮ አንድ ሰው አድርጌ ነው የሠራኋቸው!» ብድግ ብሎ ወደ ደረጃው ሲሮጥ የነጠላዋ ጫፍ ተቀዶ እጅጌው ላይ ቀረ። ያንን ነጠላ ውባንቺ እስከ ዛሬ አልሰፋችውም።

ገና ሲገባ ኮርቻ ላይ «ባለ ተራ፦ አለሜ» ተብሎ ይጻፍ ጀመር፤ ከሥሩ የዕለቱ ሳቢ ስምና ፎቶ ይከተላል። አንድ ቀን ከፋለ፣ አንድ ቀን ሌላው። ሳቢ ሁሉ ተሻምቶ ነው የገባበት። አዳም አሰለች ቤት ሄዶ ከመደቡ ላይ ተቀምጦ ይቅርታ ጠየቃት፤ ምን እንዳለችው ለማንም አልተናገረም። ውባንቺም ካሣዋን ከፈለች። ቀኑን ሙሉ ላይ ቤት ተቀምጣ ነጥቦቹን ጠበቀች። አንዲት ነጥብ አሸተን ጥግ ላይ ቆማ አልንቀሳቀስ ስትል ብድግ ብላ ደወለች፤ ሳቢው ተሳላሚውን ውሃ እያጠጣ ኖሯል። ስትወርድ «እንዲህ ስትፈራ ነው የምትውለው?» አለችው።

አዳም ግን ካሣውን አልከፈለም። ዛሬ ሥራ በዛ፣ ነገ ሰርቨር ተበላሸ። አያ ጋሻዬ ባገኙት ቁጥር «ኢንጂነር፣ ካሣህ ወለደ!» ይሉታል። እሱም «ይከፈላል አያ ጋሻዬ፣ ይከፈላል» እያለ በጎን ያልፋል።

ከዚያ ወዲህ ላይ ቤት አዲስ ነገር ሲያስብ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለቱም ቤት መንገድ ይወጣ ጀመር። ገበያተኛ ይቆማል፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ያስረዳል፤ ገበያተኛው መልሶ ይነግራል። ቅቤ የያዘችው ሴትዮ ካልገባት ነገሩ ተመልሶ ላይ ይወጣል። አንድ የፈረቃ ፖሊስ ሰምቶ ሰምቶ «ይህ ነገር ለማን ይጠቅማል?» ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስለት ጠፋ፤ ያን ሥራ በዚያው ቀበሩት። ሰው እያወቀ ሲመጣ መንገደኛው ራሱ «ዛሬ ዳኝነት የለም ወይ?» እያለ ይቆም ጀመር። ጣሳውም ይወርዳል፣ ይወጣል። ውባንቺ ያ ጊዜ የሚያልቅ አልመሰላትም ነበር።

መጀመሪያ በሽታው መጣ፤ ቱሪስቱ ቀረ። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ፤ ኔትወርኩም መንገዱም ተዘጋ። ነጥቦቹ ከካርታው ላይ ጠፉ። የክፉ ቀኑን ነገር ማውራት አትወድም። ነገር ሲበርድ ፕሮግራመሮቹ ተበትነው ነበር፤ አዳም አዲስ አበባ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ገባ፤ እሷም ፍላቂት ወርዳ ማሽን ገዛች። ቤቱ ተቆለፈ። ጥፋተኛ የሌለበት መለያየት ስለሆነ የሚቆጡት ሰው እንኳ የለም፤ ከዚህ የከፋ ነገር የለም ትላለች። ከአዳም ጋር ለበዓል ይደዋወላሉ። ቃላቸው እያጠረ፣ እያጠረ ሄደ።

ባለፈው ኅዳር ከፋለ ደወለላት። አያ ጋሻዬ ማረፋቸውን ነገራት። «ለገና ትመጫለሽ አይደል፣ እታለም?» አላት። ማሽኗን ሸፈነችና፣ ጊዜው ሲደርስ፣ ያቺን የተቀደደች ነጠላ ለብሳ በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላ ወጣች።

በገና ዋዜማ ጠዋት ዛፉ ሥር ስትደርስ ሳቢዎቹ ተሰብስበዋል። አፕ የለም፤ ስልክም የለም። ተራ የሚያስከብረው አሁን ከፋለ ነው፤ በአፉ ይጠራል። ግን አጠራሩን ስትሰማ ቆመች። «ባለ ተራ እገሌ! ሳቢ እገሌ!» ይላል። ኮርቻ ከሞተች ስንት ጊዜዋ፣ ሥርዓቷ ከሰዎቹ አፍ አልጠፋም።

«ባለ ተራ፣ አያ ጋሻዬ!» አለ ከፋለ።  የሽማግሌው ቦራ በቅሎ ተጭና ቆማለች። «ሳቢ?»

«እኔ ነኝ» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

አዳም ነው። ፀጉሩ ገባ ብሏል፤ የከተማ ጫማ አድርጓል። ከአዲስ አበባ ለማንም ሳይነግር ነው የመጣው። ሰዎቹ «ኢንጂነር፣ በዚህ ጫማ ገደሉን ትችለዋለህ?» ብለው ሊያሾፉበት ሲሉ ፊቱን አይተው ተዉት። ውባንቺን ሲያያት አልጨበጣትም፤ አልሳማትም። የነጠላዋን የተቀደደ ጫፍ አየና «ካሣዬን ልከፍል ነው» አላት ብቻ። «ዘገየሁባቸው።»

ውባንቺ ጫፉን ትከሻዋ ላይ መለሰችው።

አንዲት አሮጊት ተሳላሚ በሰው ድጋፍ ኮርቻው ላይ ወጡ። አዳም ልጓሙን ያዘ። በቅሎዋ እጁን አላወቀችውምና አንገቷን አከረረች፤ ዘንበል ብሎ በጆሮዋ አንድ ነገር አላትና ተከተለችው። አቀበቱን ሲጀምሩ ውባንቺ ከኋላ ከኋላ ሄደች። ገደሉ ሲታየው ለማየት እንጂ እሱን ለመጠበቅ አልነበረም፤ እሷ እንዲህ ነው የምትለው።

«ልጄ፣ በቅሎዋ የማን ናት?» አሉ አሮጊቷ።

«የአያ ጋሻዬ ናት፣ እናቴ።»

«እሳቸውስ የት አሉ?»

አዳም ዞር ሳይል መለሰላቸው። «ዛሬ ተራቸው ነው።»